ከሰባት አንበሶች የወረደው ዘርና የነገ ማደሪያው

በአዲስ አበባ ስድስት ኪሎ የተቋቋመውን የአንበሳ ግቢ በዓይኑ ያላየ እንኳ በዝና የማያውቀው ሰው ጥቂት ነው። ከየክፍለ ሀገሩ ለጉዳይ ወደ ዋናው ከተማ የዘለቀ ወታደርም ሆነ ነጋዴ፣ ተማሪም ሆነ ገበሬ፣ ጉዳዩን ከፈጸመ በኋላ የተረፈችውን ሰዓት ብዙውን ጊዜ ያሳልፍ የነበረው በዚያ የብረት ፍርግርግ ፊት ቆሞ ነው። ተመልካቹ ግርማውን አድንቆ፣ ግሣቱን ሰምቶ ይመለሳል። ይህ አንበሳ የማን ልጅ ነው? እናቱስ የትኛዋ ናት? የሚወለዱት ደቦሎችስ ወዴት ይሄዳሉ? ብሎ የሚጠይቅ ግን እምብዛም አልነበረም። ስለ አዳዲስ መካነ አራዊት ግንባታና ስለ ብርቅዬ አራዊት ማራባት በሚታሰብበት በማናቸውም ጊዜ በቅድሚያ ሊነሡ የሚገባቸው ጥያቄዎች እነዚሁ ናቸው።

ግቢው የተመሠረተው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት በ1948 ነው (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። መነሻዎቹ አምስት ወንዶችና ሁለት ሴቶች፣ በድምሩ ሰባት አንበሶች ሲሆኑ፣ ከአገሪቱ ደቡብ ምዕራብ ዱር ተይዘው እንደመጡ ይነገራል። በ2012 በእንግሊዝ አገር የዮርክ ዩኒቨርሲቲና በጀርመን አገር በላይፕዚግ ከተማ የሚገኘው የማክስ ፕላንክ ተቋም ተመራማሪዎች፣ በዚያን ጊዜ በግቢው ከነበሩት 20 አንበሶች የ15ቱን ናሙና ወስደው መረመሩ። ውጤቱም የአዲስ አበባ አንበሶች ለንጽጽር ከቀረቡት ከሌሎች የአንበሳ ወገኖች በዘር ውርሳቸው የሚለዩ መሆናቸውን አመለከተ። ከራስ፣ ከአንገትና ከደረት አልፎ እስከ ሆድ የሚወርደው ጥቁር ጎፈራቸውና ሰብሰብ ያለው ቁመናቸው ለተመልካች ውበት ብቻ ሳይሆን ለሳይንስም ቁም ነገር ሆኖ ተገኘ። ተመራማሪዎቹ እንዳስገነዘቡት፣ በእነዚህ አንበሶች መካከል የቀረው የዘር ስብጥር በጥንቃቄ የታቀደ የማራባት ሥራ ለመጀመር የሚበቃ ነው።

ይህ ግኝት የተነገረው ግን ከአንድ አሳዛኝ ዜና ስድስት ዓመት በኋላ መሆኑን መዘንጋት አይገባም። በ2006 የግቢው ኃላፊዎች ራሳቸው ለውጭ ዜና ወኪሎች እንደገለጹት፣ ቦታና ገንዘብ በመጥበቡ ምክንያት ደቦሎች በመርዝ ይገደሉ፣ ሬሳቸውም ገላውን ሞልተው ለጌጥ ለሚሸጡ ነጋዴዎች በ170 ዶላር ይሸጥ ነበር። የብዙዎች ቁጣ በኃላፊዎቹ ላይ ወረደ። በበኩላችን ግን ጥፋቱ ከመርዙ በፊት የጀመረ ይመስለናል። የሚወለዱት የት እንደሚያድሩና ምን እንደሚበሉ ሳይወሰን ወንዱና ሴቷ በአንድ በር ውስጥ ከተዘጉ፣ ከ110 ቀን ያህል እርግዝና በኋላ ሁለት፣ ሦስት ወይም አራት ደቦል መምጣቱ የታወቀ ነው። ያልታቀደ ልደት ያልታቀደ ሞት ማስከተሉ አልቀረም።

የቁጥሩ ነገር

አንድ መካነ አራዊት 20 አንበሳ አለኝ ቢል፣ በዘር ጥበቃ ሂሳብ 20 አለው ማለት አይደለም። የዘር ውርስ ሊቃውንት የሚሠሩበት ቀላል ስሌት አለ። የሚዋለዱትን ወንዶች ቁጥር በሴቶቹ ቁጥር ማባዛት፣ የተገኘውን እንደገና በአራት ማባዛት፣ ከዚያም ለጠቅላላ ቁጥራቸው ማካፈል ነው። በስድስት ኪሎው መነሻ ላይ ብንሠራበት፣ አምስት በሁለት፣ እንደገና በአራት ሲባዛ 40፤ ለሰባት ሲካፈል 5.7 ይሆናል። አምስቱም ወንዶች በእኩልነት ወልደው ከሆነ ነው ይኸውም። የአንበሳን ጠባይ የሚያውቅ ሰው ግን እንዲህ ያለ እኩልነት መኖሩን ይጠራጠራል፤ ብርቱው ሌላውን አባርሮ ብቻውን መውለዱ የተለመደ ነውና። አንድ አውራ አሥር ሴቶችን ይዞ ቢራባ፣ በዓይን የሚታዩት 11 አንበሶች በዚሁ ሂሳብ 3.6 ብቻ ናቸው። በአንጻሩ አምስት ወንድና አምስት ሴት ተመጣጥነው ቢዋለዱ፣ ውጤቱ ሙሉ አሥር ነው። ከ11ዱ ይልቅ አሥሩ ይበልጣሉ ማለት ነው።

ቁጥሩ ሲያንስ የሚከተለውን ለማየት ከጎረቤታችን ከምሥራቅ አፍሪካ የሚበልጥ ምሳሌ አይገኝም። በታንዛኒያ የንጎሮንጎሮ ገደል ውስጥ ይኖሩ የነበሩት አንበሶች በ1962 ደም መጣጭ ዝንብ ያለ ልክ ተራብቶ ስላጠቃቸው፣ ከ60 የማያንሱት ወደ አሥር ወረዱ። ከአሥሩ ዘጠኙ ሴቶች፣ ወንዱ አንድ ብቻ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሰባት ወንዶች ከውጭ ገብተው ዘሩን ደገፉት። ቁጥሩ ቢያንሠራራም ቀጣዩ ትውልድ የተገኘው ከጥቂት ወላጆች በመሆኑ፣ በኋላ የመረመሯቸው ሊቃውንት የገደሉ ወንዶች የዘር ፍሬ በሰፊው ሜዳ በሴረንጌቲ ካሉት አንበሶች ይልቅ ብዙ ጉድለት የሚታይበት ሆኖ አግኝተውታል። አንበሶቹ ከውጭ ሲታዩ ጤናማና ግዙፍ ነበሩ። ዘመዳሞች ሲዋለዱ ጉዳቱ በዓይን ከመታየቱ በፊት በደም ውስጥ ይቀድማል።

መዝገቡ

ከዚህም የተነሣ የማራባት ሥራ የሚጀምረው በግንብ ሳይሆን በመዝገብ ነው። የዘር መዝገብ የሚባለው የእያንዳንዱን እንስሳ ቁጥር፣ ፆታ፣ የተወለደበትን ቀን፣ አባቱንና እናቱን፣ የተዛወረበትን ስፍራና የሞተበትን ምክንያት የያዘ ነው። ጎሽ መሰሉ የአውሮፓ ቢዞን ከ12 ወላጆች ተነሥቶ ከጥፋት የዳነው እንዲህ ባለ መዝገብ ሲሆን፣ መዝገቡ በ1932 ታትሞ ወጥቷል።

ስለ ዐረብ ሳላ ግን ጥቂት ሰፋ አድርጎ መናገር ያስፈልጋል፤ ታሪኩ ለወታደር አንባቢ የሚጥም ነውና። በ1962 የኬንያ የዱር አራዊት ጥበቃ ኃላፊ የነበሩት ሻለቃ ኢያን ግሪምውድ አንድ አነስተኛ ጓድ እየመሩ ወደ ደቡብ ዐረቢያ በረሃ ዘለቁ። ዓላማቸው ባለ ተሽከርካሪ አዳኞች ከመጨረሳቸው በፊት የቀሩትን ሳላዎች መያዝ ነበር። የተያዙት አራት ብቻ ሲሆኑ አንዱ ሞተ። ሁለት ወንድና አንዲት ሴት ቀሩ። እነዚህ በኬንያ በኩል አልፈው በ1963 በአሜሪካ አሪዞና ወደሚገኘው የፊኒክስ መካነ አራዊት ደረሱ። ከለንደንና ከዐረብ ገዥዎች የተገኙት ጥቂቶች ተጨምረውባቸው የመንጋው መሠረት ዘጠኝ ሆነ። የመጨረሻዎቹ የዱር ሳላዎች በ1972 በኦማን በጥይት ሲወድቁ መንጋው በአጥር ውስጥ እየተራባ፣ ልደቱም በመዝገብ እየሰፈረ ነበር። በ1982 መጀመሪያ ላይ አሥር ሳላዎች በኦማን በረሃ ተለቀቁ። ከ1996 ጀምሮ ሕገ ወጥ አዳኞች እንደገና ቢያጠቋቸውም፣ በልዩ ልዩ የዐረብ አገሮች የተቋቋሙት መንጋዎች ጸንተው፣ በ2011 ሳላው ከከፍተኛ ሥጋት ደረጃ ወደ ተሻለው ሊዛወር በቅቷል። ድሉ የተገኘው እንስሳቱን በአንድ ስፍራ ባለማከማቸት ጭምር መሆኑ ልብ ይሏል።

በነገራችን ላይ፣ በደንከል ቆላ የሚኖረው የራሳችን የዱር አህያ ዓለም አቀፍ የዘር መዝገብ የሚጠበቀው በስዊዘርላንድ ባዝል ከተማ መካነ አራዊት ነው። ስዊዘርላንዶቹ ስላደረጉት ምስጋና ይገባቸዋል። ሆኖም የቆላውን ሙቀትና የግጦሹን ጠባይ የሚያውቀው የአፋር እረኛ መሆኑን እያሰብን፣ መዝገቡ ከዚያ ሲነበብ መስማት ጥቂት ያሳፍራል።

ግቢው ሲሠራ

ወደ ግንባታው እንመለስ። በ1907 በሐምቡርግ አጠገብ ካርል ሐገንቤክ የተባለው ጀርመናዊ የብረት ፍርግርጉን አስወግዶ አንበሳውንና ተመልካቹን በጥልቅ ቦይ ብቻ የሚለይ ትርኢት ካሳየ ወዲህ፣ የመካነ አራዊት ሠሪዎች ሁሉ ትኩረት በፊት ለፊቱ ላይ ሆነ። ዐለቱ፣ ፏፏቴው፣ መስተዋቱ ይጠበብባቸዋል። የአንበሳ ሥራ የሚሠራው ግን ከበስተ ጀርባ ነው። እርጉዟ ሴት ከሁሉ ተለይታ በጨለማና በጸጥታ የምትወልድበት ክፍል ከሌላት ደቦሎቿን ልትጥል፣ አልፎም ልትበላ ትችላለች። ጠባቂው ሳይነካ የሚዘጋው ድርብ በር፣ አዲስ የመጣው እንስሳ ለብቻው የሚቆይበት ክፍል፣ የሚጣሉትን ወንዶች መለያ አጥር፣ ሐኪሙ መድኃኒት የሚሰጥበት ጠባብ መተላለፊያ፣ እነዚህ ሁሉ ጎብኚ የማያያቸው ናቸው። በሠራዊት ሰፈር ውስጥ የሰልፍ ሜዳው ከመደልደሉ በፊት ኩሽናው፣ ውኃውና ሕክምናው እንደሚታሰብ ሁሉ እዚህም ቅደም ተከተሉ ያው ነው።

ቀለቡም ያው። አንድ የጎለመሰ አንበሳ በአማካይ በቀን አምስት ኪሎ ሥጋ ይመደብለታል ቢባል፣ ለ20 አንበሶች በቀን አንድ ኩንታል፣ በዓመት 365 ኩንታል ሥጋ ያስፈልጋል። በአጥር የተያዘ አንበሳ 20 ዓመት ሊደርስ ስለሚችል፣ ዛሬ የተወለደ አንድ ደቦል የሚጠይቀው በጀት የዘንድሮ ብቻ አይደለም።

በ2019 በአዲስ አበባ በታላቁ ቤተ መንግሥት ቅጥር ግቢ የተከፈተው የአንድነት ፓርክ ጥቁር ጎፈር አንበሶችን ጭምር የያዘ መካነ አራዊት አለው። ሥፍራው መጨመሩ የሚያስደስተው ለጎብኚው ብቻ አይደለም። በ1994 በሴረንጌቲ ዲስቴምፐር የተባለው የውሾች በሽታ ገብቶ ከአንበሶቹ አንድ ሦስተኛ ያህሉን ፈጅቷል። አንድ ብርቅ ዘር በአንድ ግቢ ውስጥ ብቻ ከተቀመጠ እንዲህ ያለ አንድ ወረርሽኝ ይበቃዋል። ስለዚህ ቢያንስ ሁለት፣ ቢቻል ሦስት የተራራቁ ስፍራዎች ያስፈልጋሉ፤ ከተሞቻችንም እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን አንበሳ ለኩራት ከሚይዙ ይልቅ የአንድ መዝገብ ቅርንጫፍ ቢሆኑ ይሻላል።

ከሁሉ የሚያከራክረው የመቀላቀል ጥያቄ ነው። በአገራችን ዱር አንበሳ ፈጽሞ አልጠፋም። በ2016 በሱዳን ጠረፍ በሚገኘው በአላጣሽ ብሔራዊ ፓርክ አንበሶች መኖራቸው ተረጋግጧል። ታዲያ ለግቢው አንበሶች አዲስ ደም ከዱር ይምጣላቸው? ወይስ ጥቁሩ ጎፈር ሳይደባለቅ ይጠበቅ? ኢትዮጵያ የሰሜኑና የደቡቡ የአንበሳ ወገኖች የሚገናኙባት ምድር መሆኗን ሊቃውንት ስለተስማሙበት፣ «ንጹሕ ዘር» የሚለው አነጋገር ራሱ በጥንቃቄ ሊያዝ ይገባዋል። በእኛ አስተያየት፣ የዱሮቹ ናሙና ከግቢዎቹ ጋር ተመሳክሮ እስኪመረመር ድረስ ሁለቱ በተለያየ አምድ ተመዝግበው ቢቆዩ ይመረጣል። ከተደባለቁ በኋላ መለየት አይቻልም፤ መደባለቁ ግን በማናቸውም ጊዜ ይደረሳል።

እስከዚያው ድረስ ልደትን መመጠን የሚቻልበት መንገድ አለ። የእንስሳት ሐኪሞች ከቆዳ ሥር የሚቀብሩት፣ የሴቷን እርግዝና ለጊዜው የሚያቆም መድኃኒት በብዙ አገር መካነ አራዊት ይሠራበታል። መንጋው ሳይበተን፣ ወንዱም ብቻውን ሳይታሰር ይኖራሉ። ከመዝገቡ ላይ ዘራቸው የሳሳው ሁለቱ ተመርጠው ተራ ሲሰጣቸው መድኃኒቱ ይነሣል። ዘሯ የበዛው ሴት ደግሞ በርከት ላሉ ዓመታት ትዘላለች። ከአንዱ ግቢ ወደ ሌላው መዛወር ያለበት ወንድ ካለ፣ ጉዞው የሚቆረጠው ሴቷ ከመፅነሷ በፊት ነው፤ ደቦሎቹ የሚያድሩበት ክፍል ቁጥርም በዚያው ገጽ ላይ ይሰፍራል።