የተቆለፈ ፍላሽና የማይተዋወቁ ኮምፒውተሮች

አየር ጤና አካባቢ ከሚገኙት የኮፒና የሕትመት ቤቶች በአንዱ ጥቂት የቆመ ሰው የሰፈሩ ምስጢር በፍላሽ ዲስክ ሲመላለስ ይመለከታል። የልደት ማስረጃው፣ የኒካሕ ውሉ፣ የቤት ካርታው፣ የሐኪም ወረቀቱ ጣት በምታህል ዕቃ ውስጥ ተከማችቷል። በታክሲ ውስጥ የወደቀች እንደሆነ ያገኛት ሁሉ ያነባታል። በ2016 የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ቢኖርም፣ ከኪሳችን የወደቀችውን አዋጅ አያነሳልንም።

ስለሆነም ፍላሽን በይለፍ ቃል መቆለፍ ተገቢ ነው። ችግሩ የሚጀምረው ፍላሹ ከአንዱ ኮምፒውተር ወደ ሌላው ሲሻገር ነው። አባት በዊንዶውስ፣ ዩኒቨርሲቲ ያለው ልጅ በሊኑክስ፣ ከውጭ አገር ለእረፍት የመጣችው አክስት በማክ ይሠራሉ እንበል። ዊንዶውስ በቢትሎከር የቆለፈውን ማክ በራሱ አይከፍተውም፤ ሊኑክስ እንኳ መክፈት የጀመረው እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ ነው። ማክ ወይም ሊኑክስ በየራሳቸው ስልት የቆለፉትን ደግሞ ዊንዶውስ ጨርሶ አያውቀውም።

አለማወቁ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር! ያላወቀውን ፍላሽ ሲያገኝ «ፎርማት ላድርገው?» ብሎ ይጠይቃል። ቸኩሎ እሺ ያለ ሰው የቁልፉን መዝገብ ሊያጠፋው ይችላል፤ ያን ጊዜ ትክክለኛውን ይለፍ ቃል ማወቅም ላይጠቅም ነው። የሟች አባት ፎቶግራፍ በዚህ መልክ ቢጠፋ ከማን ይጠየቃል?

እኛ የምንመርጠው ቬራክሪፕት የተባለውን ነፃ ፕሮግራም ሲሆን በሦስቱም ላይ ይሠራል፤ ለማክ ግን እንደ ማክፊውዝ ያለ አጋዥ ፕሮግራም ያስፈልገዋል። ታዲያ ፍላሹን በሙሉ ከመቆለፍ ይልቅ በውስጡ አንድ የተቆለፈ ፋይል እንደ ሣጥን ማበጀት ይሻላል፤ ፍላሹ ለዊንዶውስ እንግዳ ስለማይሆን ያ አደገኛ ጥያቄ አይመጣም። ፍላሹም ሣጥኑም በኤክስ ፋት ይሰናዱ፤ የቆየው ፋት 32 ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ ፋይል አይቀበልምና።

በሕትመት ቤት ኮምፒውተር ላይ ሣጥኑን መክፈት ግን አይገባም። ቫይረስ ያለበት ማሽን የምንጽፈውን ይለፍ ቃል ሊቀዳ ይችላል። የሚታተመውን አንድ ወረቀት ብቻ በሌላ ባዶ ፍላሽ መውሰድ ይበቃል።

ይለፍ ቃሉ ከተረሳ የፕሮግራሙ ሠሪዎችም ሊከፍቱት አይችሉም። ስለዚህ ከቤተሰቡ ሁለት የታመኑ ሰዎች ይወቁት፤ የሣጥኑም ሁለተኛ ቅጂ እቤት ይቀመጥ።