የቫሳ መርከብ አምሳያ አሠራር

አምሳያ ማለት የአንድን ነገር ቅርጽ አሳንሶ ወይም አጉልቶ የሚያሳይ ሥራ ነው። ይሁን እንጂ መልክን ብቻ የሚያስመስል አምሳያና በመስፈርት የተሠራ አምሳያ አንድ አይደሉም። የመጀመሪያውን የሚሠራ ሰው ዐይኑን ይከተላል፤ ምሰሶው ቢረዝም ወይም ጎኑ ቢሰፋ የሚጠይቀው የለም። ሁለተኛውን የሚሠራው ግን እያንዳንዱን ክፍል ከእውነተኛው ጋር በአንድ ቁጥር ያያይዘዋል። ስለዚህም የሠራው ነገር የሚታይ ጌጥ ብቻ ሳይሆን የሚመረመር ማስረጃ ይሆናል። በዚህ ምንባብ ቫሳ የተባለችው የስዊድን ባለሸራ የጦር መርከብ አምሳያ ከእንጨት እንዴት እንደሚሠራ እንመለከታለን። ቫሳን የመረጥናት ያለ ምክንያት አይደለም። ይህች መርከብ የሰጠመችው በጠላት መድፍ ተመትታ ወይም በማዕበል ተሰባብራ አልነበረም፤ ለጥፋት ያበቃት የገዛ ራሷ ልክ ነው። አምሳያዋን በትክክል የሚሠራ ሰውም የጥፋቷ ምክንያት ከእጁ ሥር ሲወጣ ያየዋል።

አስቀድመን ታሪኳን ባጭሩ እናውሳ። ቫሳ የታነጸችው በስዊድን ንጉሥ በዳግማዊ ጉስታቭ አዶልፍ ትእዛዝ ሲሆን፣ ሥራውን በኃላፊነት የያዘው ሄንሪክ ሂበርትሶን የተባለ የሆላንድ ተወላጅ መርከብ ሠሪ ነበር። እርሱም መርከቧ ሳታልቅ በ1627 እ.ኤ.አ. ስለ ሞተ ሌላ ሰው ተክቶት ፈጸማት። ነሐሴ 10 ቀን 1628 እ.ኤ.አ.፣ እሑድ ዕለት፣ 64 መድፎች ተሸክማ ከስቶክሆልም ወደብ ተነሣች። 1,300 ሜትር ያህል እንደ ተጓዘች ድንገተኛ ነፋስ ወደ ጎኗ አጋደላት፤ ውኃው በተከፈቱት የታችኛው ወለል የመድፍ መስኮቶች ገባ፤ በጥቂት ደቂቃዎችም ውስጥ 32 ሜትር ጥልቀት ወዳለው የባሕር ወለል ወረደች። 30 ያህል ሰዎች ሞቱ። የባልቲክ ባሕር ጨው አነስተኛ በመሆኑ እንጨት የሚበላው የባሕር ትል በዚያ ስለማይኖር አካሏ ሳይፈርስ ቆየ። አንደርስ ፍራንሴን የተባለ ተመራማሪ በ1956 እ.ኤ.አ. አገኛት፤ ሚያዝያ 24 ቀን 1961 እ.ኤ.አ. ከውኃው ወጣች። ከ1990 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለእርስዋ ተብሎ በተሠራ ቤተ መዘክር ውስጥ ትገኛለች።

በዚያ ዘመን የነበሩ መርከብ ሠሪዎች በወረቀት ላይ ንድፍ አያወጡም ነበር። የርዝመትንና የስፋትን ምጣኔ በቃል ይዘው፣ በልምድ እየገመቱ፣ ለሠራተኛው በአፍ ይነግሩት ነበር። ስለዚህ የቫሳ የጥንት ንድፍ የለም። ዛሬ አምሳያ ሠሪዎች የሚጠቀሙበት ንድፍ መርከቧ ከወጣች በኋላ አካሏ ተለክቶ የተዘጋጀ ነው።

አሁን ወደ መስፈርቱ እንምጣ። በ1፡75 መስፈርት እንሠራለን ስንል፣ በእውነተኛዋ መርከብ 75 ሳንቲሜትር የሆነው ሁሉ በአምሳያው 1 ሳንቲሜትር ይሆናል ማለታችን ነው። ከፊቷ ጫፍ እስከ ኋላዋ 69 ሜትር የምትረዝመው መርከብ በአምሳያው 92 ሳንቲሜትር ትሆናለች። 11.7 ሜትር የሆነው ስፋቷ 15.6 ሳንቲሜትር፣ ከሥሯ እስከ ዋናው ምሰሶ ጫፍ 52.5 ሜትር የሆነው ከፍታዋ ደግሞ 70 ሳንቲሜትር ይሆናል። ቁመቱ 1 ሜትር ከ65 የነበረ መርከበኛ 2.2 ሳንቲሜትር ብቻ ይደርሰዋል። ይህን ትንሽ ሰው ከእንጨት ቀርጻችሁ ከአጠገባችሁ ብታቆሙት ጥሩ ነው፤ የምትሠሩት ደረጃ፣ በር ወይም መስኮት ለእርሱ የሚስማማ መሆኑን ወዲያው ይነግራችኋል።

ብዙ ተማሪዎች የሚሳሳቱት በገጽ ስፋትና በክብደት ላይ ነው። ርዝመት 75 ጊዜ ሲያንስ የገጽ ስፋት 75 በ75፣ ይኸውም 5,625 ጊዜ ያንሳል። ክብደት ደግሞ 75 በ75 በ75፣ ማለትም 421,875 ጊዜ ያንሳል። የቫሳ ሸራዎች በአንድነት 1,275 ካሬ ሜትር ነበሩ፤ በአምሳያው ከሩብ ካሬ ሜትር ያነሱ ይሆናሉ። መርከቧ 1,210 ቶን ትመዝን ነበር፤ ይህ በመስፈርቱ ሲሰላ ከ2.9 ኪሎ ግራም አያልፍም። ሚዛን እንዲጠብቅ ከሥሯ የተደለደለው 120 ቶን ድንጋይ 284 ግራም፣ 1,200 ኪሎ ግራም የሚመዝን አንድ መድፍም ወደ 3 ግራም ይወርዳል።

ከዚህም የተነሣ አምሳያውን በገንዳ ውኃ ላይ አንሳፍፎ፣ ሸራውን ዘርግቶ በነፋስ መፈተን ስለ እውነተኛዋ መርከብ ቀጥተኛ መልስ አይሰጥም። የነፋሱ ግፊት የሚወሰነው በሸራው ስፋት ሲሆን፣ መርከብን ቀጥ አድርጎ የሚያቆማት ክብደቷና የክብደቷ አቀማመጥ ነው። ክብደቱ ከስፋቱ ይልቅ እጅግ ስለሚያንስ፣ በአንድ ዐይነት ነፋስ ትንሹ ከትልቁ በቀለለ ሁኔታ ይገለበጣል። አምሳያው ቢገለበጥ ቫሳ ስለ ተገለበጠች ነው ብላችሁ አትፍረዱ፤ በትክክል የተሠራ የማንኛዋም ጥሩ መርከብ አምሳያ ቢሆን ይገለበጥ ነበር።

እንጨት በመምረጥ ረገድም መስፈርት ይገባበታል። ቫሳ የተሠራችው ኦክ ከተባለው ጠንካራ ዛፍ ነው፤ ከአንድ ሺህ የሚበልጡ ዛፎች ተቈርጠውላታል። ሆኖም አምሳያዋን ከዚያው እንጨት መሥራት ተገቢ አይደለም። የኦክ ቀዳዳዎችና መስመሮች ከአምሳያው ጋር አብረው ስለማያንሱ፣ በትንሹ ጣውላ ላይ እንደ ትልቅ ስንጥቅ ሆነው ይታያሉ። የሚያስፈልገው መስመሩ የማይጎላ፣ ሲታጠፍ የማይሰነጠቅ እንጨት ነው። በአውሮፓ የፒርና የሊንደን ዛፍ ይመረጣል። በአገራችን ከአናጢ ቤት የሚጣሉ የዝግባ ቁራጮች ለጎን ጣውላ ይስማማሉ፤ ጥንካሬ ለሚፈልጉ ጥቃቅን ክፍሎች ወይራ፣ ለጣውላ ማያያዣ ችንካሮች ደግሞ እንደ መርፌ ቀጥነው የተሰነጠቁ የቀርከሃ ዘንጎች መልካም ናቸው። መሣሪያው ብዙ አይደለም፤ ጥርሱ ደቃቅ መጋዝ፣ ስለታም ቢላዋ፣ ትንንሽ ሞረዶች፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ ስኳድራ፣ ኮላና የልብስ መቆንጠጫዎች ይበቃሉ።

ሥራው ከአጽሙ ይጀምራል። አከርካሪው፣ ማለት ከፊት እስከ ኋላ በመርከቧ ሥር የሚያልፈው ክፍል፣ ከ5 ሚሊሜትር ኮምፔንሳቶ ተቈርጦ ይወጣል። በላዩ ላይ የጎን አጥንቶች የሚገቡባቸው ጉርጓዶች ይቈረጣሉ። አጥንቶቹ ገብተው በኮላ ከመያያዛቸው በፊት እያንዳንዳቸው ከአከርካሪው ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን መሥራታቸው በስኳድራ ይረጋገጥ። አከርካሪው በዚህ ጊዜ ጥቂት ቢጣመም ኋላ የሚያቃናው ነገር አይገኝም፤ ጣውላው ሲለብስ ጥመቱ ይሸፈናል እንጂ አይጠፋም።

ቀጥሎ የአጥንቶቹን ጠርዝ መግራት ይመጣል። አጥንት ሲቈረጥ ጠርዙ ቀጥ ያለ ነው፤ ጣውላው ግን ወደ መርከቧ ፊት ሲደርስ በሰያፍ ስለሚያልፍ የሚነካው የጠርዙን ጥግ ብቻ ነው። ስለዚህ ጣውላው ሙሉ በሙሉ እንዲያርፍ ጠርዙ በብርጭቆ ወረቀት እየተሞረደ ይዘነበላል። ስስ የእንጨት ዘንግ ከፊት ወደ ኋላ በአጥንቶቹ ላይ እያሳረፋችሁ ተመልከቱ። ዘንጉ አንዱን አጥንት ዘሎ ካለፈ ያ አጥንት ጎድሏል፤ በአንዱ ላይ ካበጠ ደግሞ ያ አጥንት ተርፏል። ይህ አሰልቺ ሥራ ሁለትና ሦስት ቀን ቢፈጅ አያስደንቅም። ልምድ ያለው ሠሪ ከጀማሪ የሚለየው በቅርጹ ማማር ሳይሆን በዚህ ደረጃ ባለው ትዕግሥት ይመስለኛል።

ከዚያ በኋላ ጎኑን ጣውላ ማልበስ ነው። የአካሉ መካከል ሰፊ፣ ፊቱ ጠባብ ስለ ሆነ ጣውላዎቹ በእኩል ስፋት ሊሄዱ አይችሉም። ለምሳሌ ያህል፣ ከአከርካሪው እስከ መድፍ መስኮቶቹ ሥር ያለው ርቀት በመካከለኛው አጥንት ላይ 16 ሳንቲሜትር ቢሆንና የእያንዳንዱ ጣውላ ስፋት 5 ሚሊሜትር ቢሆን፣ 32 ረድፍ ያስፈልጋል። በፊተኛው አጥንት ላይ ያው ርቀት 9.6 ሳንቲሜትር ቢሆን፣ ለ32ቱ ረድፍ የሚደርሰው ለእያንዳንዱ 3 ሚሊሜትር ነው። እንግዲህ እያንዳንዱ ጣውላ ከመካከል ወደ ፊት ከ5 ወደ 3 ሚሊሜትር እየቀጠነ እንዲሄድ ይላጋል። ከግማሽ ስፋቱ በታች እንዲቀጥን ማድረግ ግን አይገባም፤ ጫፉ እንደ እሾህ ስለሚሾል ኮላ አይዘውም። ጣውላው ሳይለጠፍ በፊት ግማሽ ሰዓት ያህል ውኃ ውስጥ ተነክሮ፣ ቀስ ተብሎ ታጥፎ፣ በቦታው ላይ በመቆንጠጫ ተይዞ እንዲደርቅ ይተዋል።

በዚህ ላይ አንድ የማይታለፍ ደንብ አለ። አንድ ጣውላ በስተቀኝ ከተለጠፈ ቀጣዩ በስተግራ ይለጠፍ። አንዱን ጎን ጨርሶ ወደ ሌላው የሚሄድ ሰው፣ የሚደርቀው እንጨትና ኮላ አጽሙን ወደ አንድ ወገን ስቦ ያጣምምበታል። ቫሳ ራሷ በሁለቱ ጎኖቿ እኩል አይደለችም፤ የግራ ጎኗ ከቀኙ የበለጠ እንጨት ይዟል። በውስጧም ሠራተኞቹ ይጠቀሙባቸው የነበሩ አራት መለኪያዎች ተገኝተዋል። ሁለቱ በ12 ኢንች የተከፈሉ የስዊድን ጫማ ሲሆኑ፣ ሁለቱ በ11 ኢንች የተከፈሉ የአምስተርዳም ጫማ ናቸው። የመጀመሪያው 29.7 ሳንቲሜትር ያህል፣ ሁለተኛው 28.3 ሳንቲሜትር ያህል ነው። «አምስት ጫማ ቍረጥ» የሚለው አንድ ትእዛዝ በሁለት ሰዎች እጅ ሁለት ልክ ሊሆን ይችል እንደ ነበር ልብ በሉ። እናንተም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንድ ማስመሪያ ብቻ ተጠቀሙ። የመርከቧን መዛባት በአምሳያው ለመቅዳት ግን አትድከሙ፤ 7 ሳንቲሜትር ተኩል የሆነ ልዩነት በመስፈርቱ 1 ሚሊሜትር ስለሚሆን ከእጅ ስሕተት አይለይም።

የመድፍ ወለሎቹ ሲገቡ የመርከቧ ችግር ግልጽ ብሎ መታየት ይጀምራል። አካሉን ከጎን አቁማችሁ የውኃውን ልክ በእርሳስ አስምሩ። መርከቧ ከውኃው በታች የሚገባው አካሏ 4.8 ሜትር፣ በአምሳያው 6.4 ሳንቲሜትር ብቻ ነው። የኋላው ግንብ ጫፍ ግን 19.3 ሜትር፣ በአምሳያው 25.7 ሳንቲሜትር ከፍ ይላል። ከመስመሩ በላይ ሁለት የመድፍ ወለሎች፣ በእነዚያም ላይ ሌሎች ወለሎች ተደራርበዋል። ከ64ቱ መድፎች 48ቱ አንድ ዐይነት ከባድ መድፎች ሲሆኑ፣ በላይኛውም በታችኛውም ወለል ተደርድረው ነበር። መድፎቹን ተሸክሞ የሚያቆመው ወፍራም እንጨትም ከመድፎቹ ይልቅ ከባድ ነበር። ድንጋይ ቢጨመርስ ኖሮ? መርከቧ ይበልጥ ስለምትጠልቅ የታችኞቹ መስኮቶች ወደ ውኃው ይቀርቡ ነበር። ከጉዞው በፊት 30 መርከበኞች ከአንድ ጎን ወደ ሌላው እየሮጡ ስትፈተን እጅግ ስለ ተወዛወዘች አድሚራል ክላስ ፍሌሚንግ ሙከራውን አስቁሞታል። ሆኖም እንድትነሣ ተደረገ። በኋላ ምርመራ ቢካሄድም የተቀጣ ሰው የለም።

ጌጡን ቀለል አድርገን እንለፈው። በመርከቧ ላይ ወደ 700 የሚደርሱ ቅርጻ ቅርጾች ነበሩ፤ ከፊቷ የሚዘለው 3 ሜትር ያህል የሆነው አንበሳ በአምሳያው 4 ሳንቲሜትር ይሆናል። ጀማሪ አንበሳውንና የኋላውን ግንብ ዋና ዋና ምስሎች ቢቀርጽ ይበቃዋል። ስለ ቀለሙ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ለብዙ ዓመታት የመርከቧ ግንብ መደቡ ሰማያዊ፣ ቅርጹ ወርቃማ እንደ ነበር ይታመን ነበር። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በእንጨቱ ላይ የቀረው የቀለም ትራፊ ሲመረመር ግን መደቡ ቀይ፣ ምስሎቹም በልዩ ልዩ ደማቅ ቀለሞች የተቀቡ እንደ ነበሩ ተረጋገጠ። ሰማያዊ አምሳያ ብታዩ ከዚያ በፊት በነበረው እምነት የተሠራ መሆኑን ዕወቁ።

በመጨረሻ ሦስቱ ምሰሶዎች ይቆሙና ገመዱ ይዘረጋል። ገመድ ሁለት ዐይነት ነው፤ ምሰሶን የሚወጥረው ቋሚ ገመድ ቅጥራን ስለሚቀባ ጥቁር ይሆናል፤ ሸራን የሚያወጣውና የሚያወርደው ግን የክር ቀለሙን እንደ ያዘ ይቀራል። 4 ሳንቲሜትር የሚወፍር ገመድ በመስፈርቱ ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ክር ነው። ክሩ እንዳይፈተልና ጭገር እንዳያወጣ በንጹሕ ሰም ላይ አንድ ጊዜ ይሳባል፤ እንደ ጧፍ እስኪወፍር ድረስ ግን አይደለም። ሥራው ከመካከለኛው ምሰሶ ወደ ዳር፣ ከታችም ወደ ላይ ይሂድ፤ አለዚያ ዳር ዳሩ ላይ የተወጠረው ክር እጃችሁን ወደ ውስጥ አያስገባም።

ቫሳ አሥር ሸራዎች ነበሯት። በዚያ እሑድ የተዘረጉት አራቱ ብቻ ሲሆኑ፣ ስድስቱ በሸራ ማስቀመጫ ክፍሏ ውስጥ እንደ ታጠፉ ከባሕር ወጥተዋል። አምሳያውን ለውበት የምትሠሩ ከሆነ አሥሩንም ስቀሉ። መርከቧ ከወደቡ እንደ ተነሣች ማሳየት ብትፈልጉ ግን አራቱን ሰቅላችሁ፣ በታችኛው ወለል ያሉትን የመድፍ መስኮቶች ሁሉ ክፍት ተዉአቸው።