ማረሚያ ቤቱን የሚሞላው ማን ነው?

ነሐሴ 28 ቀን 2008 ዓ.ም. ቂሊንጦ ማረሚያ ቤት ነደደ። መንግሥት በሰጠው መግለጫ 23 እስረኞች ሞቱ፤ 21ዱ በጭስ ታፍነውና በግፊያ ተረጋግጠው፣ ሁለቱ ደግሞ ለማምለጥ ሲሞክሩ ተመትተው። የልጃቸውን ደኅንነት የሚነግራቸው ያጡ ቤተሰቦች ለቀናት ተንከራተቱ። ስለዚያ ቀን ብዙ ተብሏል፤ እሳቱን ማን ለኮሰው በሚል ክስ ተመሥርቶም ረጅም ሙግት ተካሂዷል። እኔን ዛሬም የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። ቂሊንጦ በዋናነት የቀጠሮኞች ማቆያ ነው። እዚያ ከነበሩት አብዛኞቹ ገና ፍርድ ያልተሰጣቸው፣ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 መሠረት እንደ ጥፋተኛ ሊቆጠሩ የማይገባቸው ሰዎች ነበሩ።

የእስር ቤት መጣበብ ሲነሳ ወሬው ወዲያው ወደ ሕንጻ ይሄዳል፤ አዲስ ግቢ ይሠራ፣ በጀት ይጨመር ይባላል። ሕንጻ ያስፈልጋል፤ አልክድም። ግን ቤት የሚሞላው በበሩ ነው፤ የማረሚያ ቤቱ በር ያለው ደግሞ ችሎት ውስጥ ነው።

የጊዜ ቀጠሮ ችሎት ገብቶ የተቀመጠ ሰው ነገሩን በአንድ ጠዋት ይረዳዋል። መርማሪው ተነስቶ መዝገቡን ይገልጣል። «የምስክሮችን ቃል ተቀብለን አልጨረስንም፣ ያልተያዙ ግብረ አበሮች አሉ፣ የቴክኒክ ማስረጃ ጠይቀን ውጤቱን እየጠበቅን ነው፤ ተጨማሪ 14 ቀን ይፈቀድልን» ይላል። ተጠርጣሪው በበኩሉ «ቋሚ አድራሻ አለኝ፣ የቤተሰብ አስተዳዳሪ ነኝ፣ ዋስ አቀርባለሁ» ይላል። ዳኛው ወይ ከቀኑ ትንሽ ይቀንሳል፣ ወይ እንዳለ ይፈቅዳል። ቀጠሮው ሲደርስ ያው መርማሪ ያንኑ ምክንያት ይዞ ይቀርባል።

ለዚህ በር የከፈተው ሕጉ ራሱ ነው። ከ60 ዓመት በላይ ያገለገለው የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 59 አንድ ቀጠሮ ከ14 ቀን አይበልጥም አለ እንጂ ስንት ጊዜ ሊደጋገም እንደሚችል አልወሰነም። የ2001ዱ የፀረ ሽብር አዋጅ ደግሞ 14ቱን ቀን ወደ 28 አሳደገው፤ በድምሩም እስከ አራት ወር አደረሰው። ሕገ መንግሥቱ ግን በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል፤ ተጨማሪ ጊዜ የሚፈቀደውም ለምርመራው አስፈላጊ በሆነ መጠን ብቻ ነው። «አስፈላጊ በሆነ መጠን ብቻ» የሚለውን ሐረግ ከልቡ የሚመረምር ዳኛ «ባለፈው 14 ቀን ምን ሠራችሁ?» ብሎ መጠየቅ ግዴታው ይሆናል። የሚጠይቁ ዳኞች አሉ። የሚያስፈልገን ግን ጥያቄው የዳኛው በጎ ፈቃድ ሳይሆን የዘወትር አሠራር ሲሆን ነው።

ዋስትናም እንደዚሁ ነው። የአንቀጽ 19 ንዑስ አንቀጽ 6 መነሻው ሰው በዋስ የመፈታት መብት እንዳለው ነው፤ ክልከላው ሕግ በሚደነግጋቸው ልዩ ሁኔታዎች ብቻ ነው። ልዩ የተባለው እያደር በዛ። የ1996ቱ የአደገኛ ቦዘኔ መቆጣጠሪያ አዋጅ ሥራ ፈትቶ በየመንገዱ ተገኘ የተባለን ወጣት ሳይቀር ዋስትና ይከለክላል። ከባድ ክስ የሌለበት ይህ ልጅ፣ ጠበቃም ጠያቂም የሌለው ይህ ልጅ፣ ክፍል ውስጥ አንድ ሰው ሆኖ ይቆጠራል፤ አንድ የመኝታ ቦታም ይይዛል። ዋስትና ተፈቅዶለት ገንዘቡን ማስያዝ ያልቻለ ደሃም እንዲሁ። ከሁሉ የሚከፋው ግን ፍርድ ቤት በዋስ ይለቀቅ ብሎ ካዘዘ በኋላ ፖሊስ የማይለቀው ሰው ነው። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ባለፉት ዓመታት ይህን ደጋግሞ አስታውቋል። አንዱ መዝገብ ሲዘጋ ሌላ ይከፈታል፤ ተፈታ የተባለው ሰው ከአንዱ ጣቢያ ወደ ሌላው ይዛወራል። የዳኛን ትእዛዝ የጣሰ የፖሊስ ኃላፊ ሲጠየቅ አለመታየቱ እስረኛውን ብቻ ሳይሆን ችሎቱንም ያዋርዳል።

በአስቸኳይ ጊዜ አዋጆች ወቅት በሩ ጭራሽ ወልቆ ነበር። በ2009 ዓ.ም. ከ20 ሺህ በላይ ሰው ታስሮ እንደ ጦላይና ብርሸለቆ ያሉ ወታደራዊ ማሠልጠኛዎች የእስረኛ ማጎሪያ ሆኑ። በ2014ቱ አዋጅ ጊዜም የአዲስ አበባ ፖሊስ ጣቢያዎች ሞልተው ለእስር ያልተሠሩ ቦታዎች ሰው ማቆያ ሆነዋል።

ክፍል ውስጥ መጣበብ ማለት ምን እንደሆነ የታሰረ ሁሉ ያውቀዋል። አዲስ ገቢው መጀመሪያ የሚያገኘው ከሽንት ቤት በር አጠገብ፣ መሬት ላይ ነው። ሰው ሲፈታ ወይም ሲዛወር በተራ ወደ አልጋው ይጠጋል። ሌሊት በጎን ይተኛል፤ ለመገላበጥ የጎረቤቱን ስምምነት ይጠይቃል። አንዱ ሲያስል ሁሉም ይሰማዋል፤ ሳሉ የሳንባ ነቀርሳ ከሆነ ደግሞ ክፍሉ ሁሉ ይካፈለዋል። ይህን ያየ ሰው የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 21 ያነባል፤ በጥበቃ ሥር ያሉና ተፈርዶባቸው የታሰሩ ሰዎች ሰብዓዊ ክብራቸውን በሚጠብቅ ሁኔታ የመያዝ መብት አላቸው ይላል። ይኸው አንቀጽ የትዳር ጓደኛ፣ ዘመድ፣ ወዳጅ፣ የሃይማኖት አባት፣ ሐኪምና ጠበቃ እስረኛውን የመጎብኘት ዕድል እንዲያገኙም ይደነግጋል።

ጠያቂዋ እናት ግን ይህን መብት የምታገኘው በብዙ መከራ ነው። ከሌሊቱ ተነስታ ታበስላለች፣ ሁለት ታክሲ ቀይራ ትደርሳለች፣ ስልኳን ደጅ ታስቀምጣለች፣ መታወቂያዋን አስመዝግባ ትሰለፋለች። ፍተሻው ጋ ሳህኑን ትከፍታለች፤ ከወጡ ራሷ ቀምሳ ታሳያለች። ከዚያ በአጥር መካከል፣ ሌሎች እናቶችም ልጆቻቸውን እየተጣሩ ባሉበት ጫጫታ፣ ጥቂት ደቂቃ ታወራለች። ልጇ ወደ ዝዋይ ወይም ወደ ሸዋ ሮቢት ከተዛወረማ መንገዱ ብቻ ቀኗን ይፈጃል። ያ ስንቅ የፍቅር ስጦታ ብቻ አልነበረም፤ ቀለቡም ነበር። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ከ2008 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ባወጣቸው ዓመታዊ ሪፖርቶች መንግሥት ለአንድ እስረኛ ምግብ፣ ውኃና ሕክምና በቀን የሚመድበው 9 ብር ገደማ እንደነበር ጽፏል። የመንግሥትን ግዴታ ይሸከም የነበረው የድሃ ቤተሰብ ጓዳ ነው።

መጣበቡን ለማቃለል የለመድነው መድኃኒት ይቅርታ ነው። መጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ ፕሬዚዳንት ሣህለወርቅ ዘውዴ ለ4,011 እስረኞች ይቅርታ ማድረጋቸውን አስታወቁ። መልካም ሥራ ነበር። ያን ያህል ሰው በአንድ ውሳኔ መልቀቅ ከተቻለ ግን ወረርሽኝ እስኪመጣ ምን አስጠበቀን? ደግሞም ይቅርታ የሚደርሰው ለፍርደኛ ነው። ሁለት ሦስተኛውን ጨርሶ በአመክሮ የሚወጣውም ፍርደኛው ነው። ቀጠሮኛው ይቅርታ የሚጠይቅበት ፍርድ እንኳ የለውም።

ፍርድ ቤት በዚህ ጉዳይ ምን ማድረግ እንደሚችል ያሳየ አንድ ሙግት አለ። የካሊፎርኒያ እስር ቤቶች ለ80 ሺህ ገደማ ሰው ተሠርተው እጥፍ ያህሉን ይይዙ ነበር። 54 እስረኞች አንድ ሽንት ቤት የሚጋሩበት ቦታ ነበር፤ በሕክምና ጉድለት ምክንያት በየስድስት ወይም ሰባት ቀኑ አንድ እስረኛ መዳን ሲችል ይሞት ነበር። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በግንቦት 2003 ዓ.ም. አምስት ለአራት በሆነ ድምፅ ይህ ጭካኔን የሚከለክለውን ሕገ መንግሥታዊ ድንጋጌ ይጥሳል አለ። ዳኛ ኬኔዲ በጻፉት ፍርድ ላይ የተጨናነቁት አዳራሾች ፎቶግራፍ ተያይዟል። ፍርዱ ቁጥርም አጸና፤ ግዛቲቱ የእስረኞቿን ብዛት ወደ እስር ቤቶቿ የመያዝ አቅም 137.5 በመቶ እንድታወርድ ታዘዘች። ገዥው ተቃውሞ ነበር፤ የወንጀል ማዕበል ይመጣል ያሉም ነበሩ። ካሊፎርኒያ በ2007 ዓ.ም. ከቁጥሩ በታች ወረደች።

አሜሪካ ብዙ ሰው በማሰር የምትታወቅ አገር ናት፤ በእስር ጉዳይ አርአያ አድርጌ አላቀርባትም። ከዚያ ፍርድ የምወስደው ግን ቁጥሩን ነው። «ሰብዓዊ ክብር» ቁጥር ሲያጣ ማንም ጥሶታል ተብሎ አይጠየቅም። የተባበሩት መንግሥታት በ2008 ዓ.ም. አሻሽሎ ያጸደቀውና በኔልሰን ማንዴላ ስም የሚጠራው የእስረኞች አያያዝ ደንብም በቂ ስፋት፣ በቂ አየር፣ በቂ ብርሃን ይላል እንጂ ካሬ ሜትር አይጠቅስም። ያን መወሰን የእያንዳንዱ አገር ፋንታ ነው። ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. ኮልፌ ላይ ወታደራዊ ሥልጠና ወስደው ነው ለ27 ዓመት እስር ወደ አገራቸው የተመለሱት፤ በስማቸው የተጠራውን ደንብ ቀድመን በተግባር ማዋል ለእኛ የተለየ ዕዳ ነው።

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ለእያንዳንዱ ማረሚያ ቤትና ፖሊስ ጣቢያ የሚይዘውን ሰው ቁጥር በሕግ ይወስን፤ ቁጥሩም በየወሩ ለሕዝብ ይነገር። ለጊዜ ቀጠሮ ድግግሞሽ ጣሪያ ይደረግለት። ከዋስ ትእዛዝ በኋላ ሰው ያቆየ ኃላፊ በስሙ ይከሰስ። ዳኞችም ለሁለት ሳምንት ተጨማሪ ቀጠሮ ከመፈረማቸው በፊት መርማሪውን አንድ ነገር ይጠይቁት፤ ይህ ሰው ዛሬ ማታ የሚተኛው የት ነው?