የጋይንት ቡችላ የመጀመሪያ ሦስት ወራት

ከወረታ ወደ ወልድያ የሚዘልቀው መንገድ ደብረ ታቦርን አልፎ የጉናን ትከሻ ከተሻገረ በኋላ ንፋስ መውጫ ይደርሳል። ከተማዋ ያለችው ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ነውና ብርዱ አጥንት ይሰብራል። በዙሪያዋ በገብሱና በድንቹ ማሳ መካከል ባለ ላቱ የፋርጣ በግ ይሰማራል። በግ ባለበት ደግሞ ጅብና ቀበሮ አይጠፋም። ስለዚህ በላይ ጋይንትም ሆነ በታች ጋይንት፣ በስማዳም ሆነ በእስቴ፣ ውሻ የማይጮህበት መንደር የለም።

ይህ ውሻ የዘር መዝገብ የለውም። ጅብ የሚፈራው በግ ያስበላል፣ ደካማው በብርድ ያልቃል፣ ያገኘውን ሁሉ የሚነክሰው ጌታውን ከጎረቤት ያጣላል። ሥራው ራሱ ሲያበጥረው ኖሯል። ገበሬውም ዝም ብሎ አይወስድም፤ የእናቲቱን ጠባይ ሲያጤን ከርሞ «አያ፣ ያቺ ውሻዎ ስትወልድ አንድ ወንድ ያስቀሩልኝ» ብሎ ቀደም አድርጎ ይናገራል።

ውሻ 63 ቀን ገደማ አርግዛ ከጎተራ ሥር ወይም ከጭድ ክምር ጥግ ትወልዳለች። ቡችላው ዓይኑን የሚገልጠው ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ነው፤ ጆሮው ሰምቶ መደንገጥ የሚጀምረው ደግሞ በሦስተኛው ሳምንት ገደማ ነው። ከዚያ እስከ አሥራ ሁለተኛው ሳምንት ያለው ጊዜ የወደፊት ጠባዩን ይወስናል። ይህን በሰፊው ያጠኑት አሜሪካውያኑ ጆን ፖል ስኮትና ጆን ፉለር ናቸው። በሜይን ግዛት፣ ባር ሃርበር በሚገኘው የጃክሰን ላቦራቶሪ አምስት የውሻ ዘሮችን ለዓመታት አሳድገው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1965 በመጽሐፍ አወጡ። ከአምስቱ አንዱ ፎክስ ቴሪየር ነበር፤ ቴሪየር እንግሊዞች ቀበሮን ከጉድጓዷ እንዲያስወጣ ያረቡት ትንሽ ግን ቁጡ ውሻ ነው። የፎክስ ቴሪየር ቡችሎች ገና በሰባተኛው ሳምንት አካባቢ ተባብረው አንዱን ወንድማቸውን ስለሚያጠቁ መለያየት ግድ ሆኖ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1961 የታተመው ሌላው የዚያው ላቦራቶሪ ሙከራ ደግሞ ይበልጥ ያስደነግጣል፤ እስከ አሥራ አራተኛው ሳምንት ሰው ሳይነካቸው በታጠረ ሜዳ ያደጉ ቡችሎች ከዚያ በኋላ ሰውን እንደ አውሬ ይሸሹ ነበር።

የጋይንት እረኛ ይህን መጽሐፍ ሳያነብ የበጉን ነገር ጥሩ አድርጎ ይዞታል። ቡችላው ከግልገሎቹ ጋር በአንድ ጋጣ ያድራል፣ ሽታቸውን ለብሶ ይነሳል። ደፍሮ ግልገሏን ሊጎትት ሲል እናቲቱ በግንባሯ ጎሽማ ታንከባልለዋለች፤ ተነስቶ ራሱን ዝቅ ያደርጋል፣ ጅራቱን ይቆላል፣ ሁለተኛ አይሞክራትም። እንዲህ ላደገ ውሻ በግ እንደ ወገኑ ነው።

የሚጎድለው በሰው በኩል ነው። ብዙው ቡችላ ከ«ክላ!» በቀር ሌላ ቃል ሳይሰማ፣ ከድንጋይ በቀር ሌላ ነገር ሳይቀበል ያድጋል፤ ጎርመስ ሲል ቀን ይታሰራል፣ ማታ ይፈታል፣ «ጃስ!» ይባላል። ኃይለኛ ይሆናል የሚል እምነት አለ። እኔ ግን እንዲህ ያለው ውሻ ፈሪ ነው እላለሁ፤ ከፍርሃቱ የተነሳ ነው የሚነክሰው፣ ጥርሱም የሚያርፈው ሌባው ላይ ሳይሆን ውኃ ቀድታ የምትመለስ ልጅ ላይ ነው። በእነዚያ ሳምንታት ጃንጥላ የያዙ ቄስ፣ እንስራ ያዘለች ሴት፣ ጭነት የያዘ አህያ፣ የሚጮህ ባጃጅ ያየ፣ ልጆች በቀስታ የዳበሱት፣ ከእጅ የጎረሰ ቡችላ ሲያድግ እንግዳን ከጠላት ይለያል። ጅብ ሲመጣም ወደኋላ አይልም።

ሌላው ጉድለት የሴት ቡችሎቹ ዕጣ ነው። ሴት ቡችላ መውለዷ ስለማይቀር ፈላጊ የላትም፤ ዓይኗን ሳትገልጥ በጆንያ ተይዛ መንገድ ዳር የምትጣለው ብዙ ናት። እንዲህ ያለችውን ያገኘ ሰው መጀመሪያ ማሞቅ አለበት። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ሳምንታት ቡችላ የራሱን ሙቀት መጠበቅ አይችልም፣ የቀዘቀዘ ሆድም ወተት አይፈጭም። ስለዚህ ደረት ውስጥ ከጋቢ ሥር አድርጎ ገላዋ እስኪሞቅ መቆየት ነው። ከዚያ ለብ ያለ ወተት በትንሽ በትንሹ፣ በሆዷ አስተኝቶ፤ በጀርባዋ ከሆነ ወደ ሳንባዋ ይገባል። የላም ወተት ከውሻ ወተት የሳሳ ስለሆነ በውኃ አይቀጠንም፣ የእንቁላል አስኳል ቢጨመርበት ይሻላል። ከእያንዳንዱ ምግብ በኋላ እናት በምላሷ እንደምታደርገው ሁሉ በእርጥብ ጨርቅ ከሆዷ በታች መጥረግ ያስፈልጋል፤ ያለዚያ ሽንቷን መሽናት አትችልም። ጡት መጣያዋ ከዐቢይ ጾም ጋር ከገጠመ ደግሞ 55 ቀን ሙሉ የሥጋ ቅሪት ከደጅ ይጠፋልና ቂጣው በአጓት ወይም በእንቁላል ይራስላት።

የታረደ በግ ጭንቅላት ግን ለውሻ አይወርወር። በጉ አንድ ቦታ ላይ ሲሽከረከር የሚገድለው አዙሪት ከውሻ ሆድ ትል የሚመጣ ነው። አንጎሉ ውስጥ ውኃ የቋጠረ ከረጢት አለ፤ ውሻው ያንን ሲበላ ትሉ ሆዱ ውስጥ ያድጋል፣ እንቁላሉ በዓይነ ምድሩ ወደ ግጦሹ ይመለሳል። ጭንቅላቱን ማቃጠል ወይም ጠልቆ መቅበር በጎቹን ያድናል።

ከውሻ የሚመጣው ሌላው አደጋ፣ የእብድ ውሻ በሽታ፣ ለዚህ አገር እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1884 በበጌምድር፣ በጎጃም፣ በትግራይና በወሎ መነሳቱ ተመዝግቧል። ጣጣው ለሰው ብቻም አይደለም። በዓለም ላይ ከ500 ብዙም የማይበልጠው ቀይ ቀበሮ በባሌ በተደጋጋሚ ያለቀው ከውሾች በተዛመተ በዚሁ በሽታ ነው፤ የቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም እዚያ የገበሬውን ውሾች የሚከትበውም ለዚህ ነው። ጉናም በፊት ቀይ ቀበሮ ነበረው፤ ዛሬ የለውም።

ስለዚህ ቡችላ ሦስት ወር ሲሞላው ይከተባል፣ ከዚያም በየዓመቱ። በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ በሽታው መተላለፊያ ያጣል፤ ባለቤት አልባ ሆነው በየመንገዱ የሚራቡት ሴት ውሾች ግን ከዚህ ቁጥር ውጭ ይቀራሉ። ለዚህም ነው ሴቷን ማሳደግ፣ የእንስሳት ሐኪም በሚገኝበትም ማምከን፣ ከመጣል የሚረክሰው። ውሻ የነከሰው ሰው ቁስሉን በሳሙናና በብዙ ውኃ 15 ደቂቃ ሙሉ ይጠብ፣ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂድ። ጸበሉም የባህል መድኃኒቱም ክትባቱን ከተወጉ በኋላ ይደረስባቸዋል።