ከአፈር ባክቴሪያ የሚገኙ የፔፕታይድ አንቲባዮቲኮች

የፔፕታይድ አንቲባዮቲኮች ከአሚኖ አሲዶች የተሠሩ፣ ባክቴሪያን የሚገድሉ ወይም እድገቱን የሚገቱ ውህዶች ናቸው። ከታወቁት ብዙዎቹ የተገኙት በአፈር ውስጥ ከሚኖሩት ከባሲለስና ከስትሬፕቶማይሰስ ወገኖች ነው። በመቀሌ ዙሪያ ባለው ዋልካ ላይ የመጀመሪያው የክረምት ዝናብ ሲያርፍ የሚያውደው የአፈር ሽታ በከፊል የስትሬፕቶማይሰስ ሥራ ነው።

ሕያው ሕዋስ ፕሮቲን የሚሠራው ራይቦዞም በሚባለው ክፍሉ፣ በ20 ያህል የአሚኖ አሲድ ዓይነቶች ነው። የአፈር ባክቴሪያዎች ግን አብዛኞቹን እነዚህን ፔፕታይዶች የሚያዘጋጁት ያለ ራይቦዞም፣ በግዙፍ ኢንዛይሞች ነው። የኢንዛይሙ እያንዳንዱ ክፍል አንድ አሚኖ አሲድ መርጦ፣ ዶቃ በክር እንደሚሰካ፣ ከቀደሙት ጋር አያይዞ ለቀጣዩ ክፍል ያስረክባል። በዚህ መንገድ በፕሮቲን ውስጥ የማይገኙ አሚኖ አሲዶች ይገባሉ፤ የሰንሰለቱ ጫፍ ታስሮ ቀለበት ሊሆን ይችላል፤ አንዳንዱም የስብ አሲድ ጭራ ይቀጠልለታል።

የቅርጹ ልዩነት የአገዳደሉም ልዩነት ነው። ረኔ ዱቦ እ.ኤ.አ. በ1939 ከአፈር ባሲለስ ካገኘው ቅልቅል ውስጥ ያለው ግራሚሲዲን ቀለበት የሌለው የ15 አሚኖ አሲዶች ሰንሰለት ነው። ተጠምዝዞ ቱቦ ይሆናል፤ ሁለት ቱቦዎች ጫፍ ለጫፍ ሲገጥሙ የባክቴሪያው ሽፋን ይበሳል። የሰውንም ቀይ የደም ሕዋስ ስለሚያፈርስ ከውጭ ከመቀባት አያልፍም። ኮሊስቲን ደግሞ የሰባት አሚኖ አሲዶች ቀለበትና የስብ ጭራ አለው፤ ኩላሊት ስለሚጎዳ ሌላ መድኃኒት ሲታጣ ብቻ ይታዘዛል። የ13 አሚኖ አሲዶቹ ዳፕቶማይሲንም ባለ ጭራ ነው፤ ያለ ካልሲየም አይሠራም፤ በሳንባ ውስጥ ያለው ቅባታማ ፈሳሽ አስሮ ስለሚያስቀረውም ለሳንባ ምች አይሰጥም።

ቫንኮማይሲን ከሁሉም የተለየ ነው። ከቦርኒዮ ደሴት በተወሰደ አፈር ውስጥ ከተገኘ ባክቴሪያ ወጥቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1958 በአሜሪካ ለሕክምና ተፈቀደ። ሰባቱ አሚኖ አሲዶቹ ጎን ለጎን ስለተቆላለፉ ጎድጓዳና ግትር ቅርጽ አለው። ባክቴሪያ ግድግዳውን ሲሠራ የሚጠቀምበትን ፔፕታይድ ጫፍ በጉድጓዱ ውስጥ በአምስት የሃይድሮጅን ትስስሮች ይይዘዋል፤ ግድግዳውም ሳይጠናቀቅ ይቀራል። ሞለኪውሉ ትልቅ በመሆኑ ከአንጀት ወደ ደም አይገባም። ስለዚህ እንደ መቀሌው ዓይደር ባሉ የሪፈራል ሆስፒታሎች ለከባድ ኢንፌክሽን ሲታዘዝ በደም ሥር፣ ቢያንስ በአንድ ሰዓት ውስጥ ቀስ ተብሎ ይሰጣል። ከፈጠነ የታማሚው ፊትና አንገት ይቀላል።

ቫንኮማይሲንንም የተላመዱ ባክቴሪያዎች አሉ። በግድግዳቸው ፔፕታይድ ጫፍ ላይ ያለውን አንዱን አሚኖ አሲድ በሌላ አሲድ ይተኩታል። ከአምስቱ ትስስሮች አንዱ ይጠፋል፤ የመድኃኒቱ የመያዝ አቅምም ወደ ሺህ እጥፍ ገደማ ይቀንሳል።

ስለዚህ የአዳዲስ አንቲባዮቲኮች ፍለጋ አሁንም ወደ አፈር ይመለሳል። አብዛኞቹ የአፈር ባክቴሪያዎች በቤተ ሙከራ ሳህን አይበቅሉም፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ የሆነው ቴክሶባክቲን የተገኘው ባክቴሪያውን በዚያው በአፈሩ ውስጥ በማሳደግ ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 ደግሞ ከካናዳዋ ሃሚልተን ከተማ አፈር፣ ቋጠሮ ያለው ላሪዮሲዲን ተገኘ፤ እሱም ራይቦዞምን ያጠቃል። ባክቴሪያ አንድ ትስስር ብቻ በማጥፋት የሚያመልጥ ከሆነ፣ በአንድ ዓይነት ቅርጽ ላይ ብቻ መተማመን አያዋጣም።