መንገድ ከመንገድ ሲገናኝ፦ ከዱርቤቴ መገንጠያ እስከ ጎተራ ማሳለጫ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ማርቆስ፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ አድርጎ ባሕር ዳር የሚዘልቀው ዋና መንገድ ሌሎች መንገዶችን የሚያገኘው በአብዛኛው በመገንጠያ ነው። ደጀን ላይ የቢቸናና የሞጣው፣ ቡሬ ላይ የነቀምቴው፣ እንጅባራ ላይ የቻግኒው፣ ዱርቤቴ ላይ ደግሞ ወደ ሰሜን አቸፈርና አለፋ የሚወስደው ይለያል። አንዱ መንገድ ሳይቋረጥ ሲያልፍ ሌላው ከጎኑ መጥቶ ሲገጥመው መሐንዲሶች ቲ ቅርጽ ይሉታል። በወጪም ሆነ በደኅንነት ከቀላል መገናኛዎች ሁሉ የሚሻለው ይኸው ነው።

ምክንያቱ በስሌት ይታያል። መንገዶች በሚገናኙበት ቦታ የመኪኖች የጉዞ መስመር ይለያያል፣ ይቀላቀላል ወይም ይቋረጣል፤ ይህ የሚሆንበት እያንዳንዱ ስፍራ የግጭት ነጥብ ይባላል። የከፋው መቋረጡ ነው፤ አንዱ መኪና የሌላውን ጎን የሚመታው እዚያ ነውና። ባለ ሁለት አቅጣጫ መንገዶች በቲ ቅርጽ ሲገናኙ የግጭት ነጥቦቹ 9 ናቸው፤ መቋረጫዎቹ 3 ብቻ። አራት አቅጣጫ ባለው መስቀለኛ መንገድ ግን ነጥቦቹ 32 ይደርሳሉ፤ ከነዚህ 16ቱ መቋረጫዎች ናቸው። በዚህ የተነሣ በገጠር አውራ ጎዳና ላይ ሁለት መጋቢ መንገዶች ከግራና ከቀኝ ፊት ለፊት እንዲገጥሙ ከማድረግ ይልቅ አንዱን ፈቀቅ አድርጎ ሁለት የተለያዩ መገንጠያዎች መሥራት ይመረጣል። ነጥቦቹ ወደ 18 ይወርዳሉ።

የጎኑ መንገድ ሰያፍ ሆኖ የሚገጥምበት፣ ዋይ ቅርጽ ያለው መገንጠያ በካርታ ላይ ሲታይ ምቹ ይመስላል። ችግሩም ምቾቱ ነው፤ ሾፌሩ ፍጥነት ሳይቀንስ ይታጠፋል፤ ከጎን የሚገባው ደግሞ ከኋላው የሚመጣውን ለማየት አንገቱን መጠምዘዝ ይኖርበታል። ስለዚህ የመጋቢው መንገድ የመጨረሻ ሜትሮች ታጥፈው በ90 ዲግሪ ወይም ወደዚያ በቀረበ ማዕዘን እንዲገጥሙ ይደረጋል፤ ከ60 ዲግሪ በታች ማውረድ አይመከርም።

ከቅርጹ በላይ ወሳኙ ግን እይታ ነው። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና በአንድ ሰከንድ 22 ሜትር ይሄዳል። ሾፌሩ አደጋውን አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ፣ መኪናውም እስኪቆም ወደ 130 ሜትር ይፈልጋል፤ በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት 65 ሜትር ያህል፣ በ30 ደግሞ ወደ 35 ሜትር ይበቃዋል። የመገንጠያው ማዕዘን ከግንብ፣ ከዛፍና ከቆመ መኪና ነፃ ሆኖ እንዲቆይ የሚፈለገው ለዚህ ነው።

ይህ የእይታ ሕግ የሚፈተነው እንደ ዱርቤቴ ባሉ ከተሞች ነው። መገንጠያ ባለበት ተሳፋሪ ይቆማል፤ ተሳፋሪ ባለበት ባጃጅ ይሰለፋል፤ ሻይ ቤትና ሱቅ ይከተላል። በገበያ ቀን በቆሎ የጫነ አይሱዙ፣ ጋሪ፣ አህያና እግረኛ በአንዲት ማዕዘን ይጋፋሉ፤ በወረቀት ላይ ክፍት የነበረውም እይታ ይዘጋል። እዚህ ላይ ብዙ ገንዘብ የማይጠይቁ መፍትሔዎች አሉ፤ ፌርማታውን ከመገንጠያው አሳልፎ ማዛወር፣ በማዕዘኑ መኪና ማቆምን መከልከል፣ እግረኛው መንገዱን በሁለት ጊዜ እንዲሻገር መሐል ላይ መቆሚያ ደሴት መሥራት። አስፋልት ከማስፋት ይልቅ እነዚህ ሊቀድሙ ይገባል።

የማዕዘኑ ክብነት ሌላ ክርክር ያስነሣል። የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክ ባለባት በቡሬ ረጅም ተሳቢዎች መታጠፊያ ያስፈልጋቸዋል፤ ጠባብ ማዕዘን ላይ የኋላ ጎማቸው የእግረኛ መንገዱን ይረግጣል። ማዕዘኑ ሲሰፋ ደግሞ ትንንሾቹ መኪኖች ሳይዘገዩ ይታጠፋሉ፤ የእግረኛው መሻገሪያም ይረዝማል። ሁሉንም የሚያስደስት መጠን የለም። ንድፍ አውጪው ከባዱን መኪና ማሳለፍ አለበት፤ ቀላሉ ግን በዚያው ስፋት እንዳይፈጥን ከፍ ያለ ሻካራ ጠርዝ ሊያበጅ ይችላል።

አደባባይ ችግሩን በሌላ መንገድ ይፈታዋል። ሁሉም በአንድ አቅጣጫ ስለሚዞር አንድ መስመርና አራት መግቢያ ያለው አደባባይ የግጭት ነጥቦቹ 8 ብቻ ናቸው፤ መቋረጫ የለውም። ዛሬ የሚሠራበት ደንብ በብሪታንያ በእ.ኤ.አ. 1966 የጸናው ነው፤ የሚገባው ውስጥ ለሚዞረው ቅድሚያ ይሰጣል። ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ በቀኝ በምትነዳው ኢትዮጵያ የሚዞረው መኪና ከግራ ይመጣል። አደባባዩ የሚጠቅመው ግን መግቢያው ሾፌሩን ጠምዝዞ ፍጥነቱን ሲያስቀንስ ነው። መሐሉ ላይ ሐውልት ተተክሎ ዙሪያው ሰፊና ቀጥ ያለ ከሆነ፣ ጌጥ ቢሆን እንጂ መቆጣጠሪያ አይሆንም። መኪና ከመጠን በላይ ሲበዛም እርስ በርሱ ይቆላለፋል፤ አዲስ አበባ ውስጥ በርካታ አደባባዮች ፈርሰው በትራፊክ መብራት የተተኩት ከዚህ የተነሣ ነው።

መብራት ቦታን ሳይሆን ጊዜን ይከፋፍላል። የመጀመሪያው በእ.ኤ.አ. 1868 ለንደን ውስጥ በጋዝ የሚሠራ ነበር፤ ወዲያው በቀጣዩ ዓመት ፈነዳ። የዛሬው መብራት ንድፍ ዋና ጥያቄ ለእያንዳንዱ አቅጣጫ ስንት ሰከንድ ይሰጥ የሚለው ነው። ወደ ግራ ለሚታጠፉ የተለየ ተራ ሲሰጥ መጋጨቱ ይቀንሳል፤ ሌላው ግን የበለጠ ይጠብቃል። በአረንጓዴው ፍጻሜ ቢጫ፣ ከዚያም ለአፍታ ሁሉም ቀይ የሚሆንበት ጊዜ ካልታከለ ዘግይቶ የገባው መኪና መሐል ላይ ይያዛል። ኤሌክትሪክ በሚቆራረጥበት ከተማ ደግሞ መብራቱ ትራፊክ ፖሊስ ሳይኖር አይታመንም።

ማሳለጫ የሚባለው አንዱን መንገድ በሌላው ላይ በድልድይ ወይም በሥሩ በዋሻ ያሳልፋል። አራት ቅጠል የመሰለው ዓይነቱ በአሜሪካ በእ.ኤ.አ. 1929 ኒው ጀርሲ ውስጥ ተሠርቷል። በአዲስ አበባ ስመ ጥሩው ጎተራ ነው። ማሳለጫ በዋናው መንገድ ላይ ማቋረጥን ያስቀራል፤ መቀላቀሉ ግን አይጠፋም፤ ከቅርንጫፉ የሚገባው መኪና ከዋናው መንገድ ፍጥነት ጋር እኩል እስኪሆን ረጅም ማፍጠኛ መስመር ይሻል። ሰፊ መሬት ይበላል፤ ዋጋውም ከባድ ነው። እንደ አዲስ አበባ–አዳማ ባለ፣ እግረኛና ከብት በማይገቡበት የፍጥነት መንገድ ላይ ግን ሌላ አማራጭ የለም። በከተማ መሐል ሲሠራ ደግሞ የእግረኛው መሸጋገሪያ አብሮ ካልታሰበ መኪናው ያተረፈውን ጊዜ እግረኛው ዙሪያውን በመሄድ ይከፍለዋል።