ለእሽቅድምድም የሚሰናዳ ሞተር ለእናት ምን ይነግራል?

ማታ ራት ቀርቦ ከቤተሰቡ አንድ ሰው ሳይገባ ሲቀር፣ ከካዛንቺስ ወደ ቂርቆስ በሚወስደው መንገድ የሚያልፈውን የሞተር ብስክሌት ድምፅ በጆሮዋ የምትከታተል እናት ጥቂት አይደለችም። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ይህን የምታውቀው ከቤቷ ነው። ታናሽ ወንድሟ ሞተር ይነዳል። እናታችን «ሽጠውና እፎይ እንበል» ትላለች። እሱ ደግሞ ፍጥነት የሚያምረው በጎዳና ሳይሆን በውድድር ሜዳ መሆኑን እየጠቀሰ፣ ሞተሩን ለሜዳ ላሰናዳ ይላል። ክርክሩ ሲከርር፣ ዝግጅቱ ምን እንደሆነ ለማየት ጋራዥ ገባን።

እዚያ የተሰማው ቋንቋ እንግዳ አልነበረም። ካንዴላ፣ ካቴና፣ ፍሬቻ፣ ማርሚታ፣ ኩሽኔታ ሁሉም ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ካዛንቺስ የሚለው የሰፈር ስምም ቢሆን «ኢንቺስ» የተባለው የጣሊያን ድርጅት ለመንግሥት ሠራተኞች ካሠራቸው ቤቶች የወጣ ነው።

የመጀመሪያው ሥራ መጨመር ሳይሆን መቀነስ ነው። ስፖኪዮ፣ ፍሬቻ፣ ታርጋና ማቆሚያ እግር ይፈታሉ። መብራቱ ካልወጣ በፕላስተር ይሸፈናል፤ ሞተሩ ቢወድቅ ስባሪው ሜዳው ላይ ተበትኖ ከኋላ የሚመጣውን እንዳይጎዳ ነው። የዘይት ማፍሰሻው ቡሎን ተበስቶ በቀጭን ሽቦ ይታሰራል። ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ባለ ቀለም ፈሳሽ አስፋልት ላይ ከፈሰሰ እንደ ሳሙና ስለሚያንሸራትት ወጥቶ ንጹህ ውኃ ይሞላል። ልብ እንበል፤ እነዚህ ሁሉ የሚደረጉት ለፍጥነት አይደለም፤ ለሌላው ሰው ደኅንነት ነው።

ቀጥሎ የአየሩ ጉዳይ ይመጣል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት። ውኃ በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ የሚፈላው፣ ባቄላና ሽምብራም እሳት የሚፈጁብን በዚሁ ምክንያት ነው። ሞተርም የሚተነፍሰው ይህንኑ ስስ አየር ነው። በባሕር ጠረፍ 100 የፈረስ ጉልበት የሚሰጥ ሞተር እዚህ 75 ገደማ ቢሰጥ አያስደንቅም። ካርቡራቶር ያለው ከሆነ ነዳጁ ከአየሩ ስለሚበዛ ካንዴላው በጥላሸት ይጠቁራል፤ ቤንዚንም በከንቱ ይባክናል። መፍትሔው ነዳጅ የሚያልፍበትን ቀዳዳ በጠበበ መለወጥ ነው። ነገር ግን እንዲህ የተስተካከለ ሞተር ወደ ድሬዳዋ ቆላ ሲወርድ አየሩ ስለሚበዛ ነዳጅ ያንሰዋል፤ ይግላል፤ ፒስተኑም ሊቃጠል ይችላል። ነዳጅ በኤሌክትሮኒክስ የሚመጥኑት አዳዲሶቹ ሞተሮች ይህን ራሳቸው ያስተካክላሉ።

የጎማ ነፋስ የሚለካው ጎማው ሳይግል ነው። በሜዳ ሩጫ ጎማው በጣም ስለሚግልና ነፋሱ ስለሚጨምር፣ ሲጀመር ዝቅ ተደርጎ ይሞላል። ወደ ጎዳና ሲመለስ ግን ፋብሪካው ወዳዘዘው መጠን መመለስ አለበት። ካቴናው ከጠበቀ ኩሽኔታ ይበላል፤ ከላላ ደግሞ ከጥርሱ ይዘላል። ነጂው ሙሉ ልብሱን ለብሶ ሲቀመጥ የኋላው ሞላ ከ30 እስከ 40 ሚሊ ሜትር ያህል ዝቅ እንዲል ይስተካከላል። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ስለሚስብ ሲግል ይፈላል፤ ያን ጊዜ ፍሬኑ ቢያዝም አይዝም። ስለዚህ በጎዳና ለሚነዳም ቢሆን ቢያንስ በሁለት ዓመት አንዴ መለወጥ ይገባዋል።

በመጨረሻ የሰውየው ዝግጅት አለ፤ የቆዳ ልብስ፣ ጓንት፣ ቦት ጫማና ሄልሜት። ሄልሜት የነጂውን የመሞት አደጋ በ42 ከመቶ ገደማ እንደሚቀንስ በጥናት ተረጋግጧል። አንድ ጊዜ በአደጋ የተመታ ሄልሜት ግን ውስጡ የተጨፈለቀ ስለሆነ፣ ላዩ ቢያምርም መጣል አለበት።

ይህ ሙያ የወንድ ብቻ የሚመስላቸው ካሉ፣ ስፔናዊቷ አና ካራስኮ እ.ኤ.አ. በ2018 ሱፐርስፖርት 300 በተባለው የዓለም ሻምፒዮና ወንዶቹን በአንድ ነጥብ በልጣ ዋንጫውን መውሰዷን ያስታውሱ።

ሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የሞተር ብስክሌት እንቅስቃሴ በዝርፊያ ምክንያት ሲታገድ፣ ሞተር ያለው ወጣት ሁሉ በጥርጣሬ ዓይን ታይቶ ነበር። በቤታችንም ጥርጣሬ ብቻውን ልጅን አላዳነም። እናታችን ሞተሩን ዛሬም አልወደደችውም፤ ነገር ግን «ሽጠው» ማለቱን ትታ ጠዋት ጠዋት ደጅ ቆማ ሦስት ነገር ትጠይቃለች፤ ጎማው ተለካ? ፍሬኑ ይይዛል? ሄልሜቱ ታሰረ? ወንድማችን መጀመሪያ ይስቅ ነበር። አሁን ሳትጠይቀው ይመልሳል።

ውድ እናቶች፣ ልጃችሁን ከሞተር ማስወረድ ባትችሉ፣ እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ሳትጠይቁ አትሸኙት።